ስበትም አድልዎ ጀመረ

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ዝናቡ ወቅቱን ሳተ፣ ልጁ ሰላምታ ረሳ፣ ዳቦው አነሰ ስንል ከረምን። አሁን የባሰውን ጉድ ስሙ፤ የመሬት ስበት ራሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል አሉ!

በእኛ ጊዜ ስበት አንድ ነበር። 9.8። የኔታ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይጽፏታል፣ እኛ እንገለብጣታለን፣ አለቀ። ለደገኛውም ለቆለኛውም፣ ለባላባቱም ለጭሰኛውም 9.8። ስሌቱ ሲከብደን ደግሞ 10 እናደርጋታለን፤ ማንም ቅር አይለውም ነበር። እንዲህ ያለ ፍትሕ ዛሬ የት ይገኛል?

«አባባ፣ ዋልታ ላይ 9.83 ነው፤ ምድር ወገብ ላይ 9.78፤ እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ 9.77 ገደማ» ይለኛል የልጅ ልጄ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። እኔ ይሄን ስልክ የሚሉትን ነገር ስለምጠላ፣ ሌሊቱን ሙሉ በራሴ ስልክ ሳጣራ አደርኩ። ልጁ እውነቱን ነው።

ለመሆኑ ይሄን ነገር ማን ጀመረው? በእነሱ አቆጣጠር 1672 ላይ፣ እኛ በአፄ ዮሐንስ ጻድቁ ዘመን ጎንደር ላይ ረጋ ብለን ተቀምጠን ሳለ፣ ዣን ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ የከዋክብት ተመራማሪ ሰዓት ይዞ ደቡብ አሜሪካ፣ ካየን ወረደ። ፓሪስ ላይ ልክክ ያለው ባለ ፔንዱለም ሰዓት እዚያ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይዘገያል። ሰውዬው ሰዓት ነውና ይዘገያል ብሎ አይተወውም? የለም፤ የፔንዱለሙን ዘንግ አሳጠረ፣ ነገሩንም ጻፈ። በ1687 ኒውተን መጽሐፉ ውስጥ አስገባውና ስበቱ እዚያ ስለሚላላ ነው አለ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ዓለም መላ ቅጡ ጠፋ። በእኛ ጊዜ ሰዓት ተዛንፎ አያውቅም፤ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ እንኳ ሁላችንም አብረን እንዘገይ ነበር።

ምክንያቱን ብትሰሙ ደግሞ ይብሳል። ምድር ወገቧ ላይ በሰዓት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈች ነው። የት ልትደርስ ነው? ይሄ ጥድፊያ ወደ ውጭ ስለሚገፋን ከክብደታችን ከሺህ ሦስት ያህሉን እጅ ይነጥቀናል። ዋልታ ላይ የቆመ ሰው ግን እንደ ጨዋ ባለበት በቀን አንዴ ዞር ይላል፤ ምንም አይጎድልበትም። ስትሽከረከር ኖራ ኖራም ወገቧ ላይ ቦርጭ አውጥታለች፤ ምድር ወገብ ላይ ያለው ሰው ከዋልታው ሰው ይልቅ ከእምብርቷ በ21 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በራቀ ቁጥር ስበቱ ይላላል። ቦርጭ የዕድሜ ነው፤ እኔም አለኝ፤ ግን በእኔ ቦርጭ የማንም ክብደት አልቀነሰም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨመረብን፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተሰቅላለች፤ ሽቅብ በወጣን መጠን ስበቱ ይሳሳል። ዳሎል ወርዶ የሚመዘን ሰው ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ከሚመዘነው በትንሹም ቢሆን ይከብዳል። ታዲያ እኔ እንጦጦን ስወጣ እንዲህ የሚከብደኝ ምንድን ነው? ይሄን የሚመልስ ሳይንቲስት አላገኘሁም።

ቱንቢ እንኳ አልቀረችም! ግንበኛ የሚምልባት ቱንቢ! በ1774 ኔቪል ማስኬሊን የሚባል እንግሊዛዊ ስኮትላንድ ውስጥ ሺሃሊየን ከሚባል ተራራ ወዲህና ወዲያ ቱንቢ ሰቅሎ ቢያይ፣ ሁለቱም ወደ ተራራው ዘንበል ብለዋል። ድንጋዩም ይስባል ማለት ነው፤ ከሥር ያለው አለት ከባድ ከሆነ ይጠነክራል፣ ቀላል ከሆነ ይላላል። ባሕሩም ያው ነው፤ ከስሪላንካ በስተ ደቡብ የሕንድ ውቅያኖስ ወለል፣ ስበቱ ከመላላቱ የተነሳ፣ መሆን ከሚገባው 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሏል። የውሃ ልክ ስንል የኖርነው በምን ተማምነን ነው?

ይሄን ለመለካት በ2002 ሁለት ሳተላይት ሰደዱ፤ አንዱ አንዱን እየተከተለ ምድርን ይዞር ነበር፣ ፊተኛው ስበቱ የበረታበት ቦታ ሲደርስ ቀድሞ ይሳብና በመካከላቸው ያለው ርቀት ይለወጥ ነበር። ብልሃቱን አልጠላሁትም። ግን ምን ብለው ቢጠሯቸው ጥሩ ነው? ቶም እና ጄሪ! የግሪንላንድ በረዶ ሲቀልጥ እዚያ ያለው ስበት እንደሚቀንስ የነገሩን እነዚህ ናቸው፤ በድመትና በአይጥ ስም።

እኔን ያቃጠለኝ ግን የሚዛኑ ነገር ነው። የድሮው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን በአንድ ወገን ብረቱ፣ በሌላው ወገን ቡናው ይቀመጥበታል፤ ስበቱ ቢላላ ለሁለቱም እኩል ይላላል፣ ስለዚህ ጎንደርም ይሁን ዋልታ ላይ ያው ነው። የድሮ ነጋዴም እግዚአብሔርን ፈሪ ነበር፤ ሳህኑን በጣቱ ጫን ቢያደርግ እንኳ በትሕትና ነበር። የዛሬው መንገድ ዳር ያለው ባለ ሞላ ሚዛንና ያ ቁጥር የሚያበራው ኤሌክትሮኒክ ግን የሚለኩት ስበቱ ምን ያህል እንደጎተተን ነው። ተሠርቶ በተስተካከለበት አገርና በሚመዝንበት አገር መካከል ስበቱ ከተለያየ ሐሰት ይናገራል። 1901 ላይ የድሮ ሰዎች ተሰብስበው መለኪያው 9.80665 ይሁን ብለው ቆርጠው ነበር፤ ሽማግሌ የወሰነውን ማን ይሰማል?

እስቲ አስሉት። ጀርመን ላይ የተስተካከለ ሚዛን እዚህ መጥቶ እንደገና ካልተስተካከለ፣ ልክ የሆነውን አንድ ኩንታል ጤፍ ከ300 ግራም በላይ አጉድሎ ያሳያል። ነጋዴው ቁጥሩ 100 እስኪሞላ ይጨምርላችኋል ማለት ነው። እንግዲህ እህል በረንዳ ስትሄዱ ሚዛኑ የት እንደተስተካከለ በዘዴ ጠይቁ፤ ከወደ ሰሜን ከሆነ ዝም ብላችሁ ግዙ። ለነጋዴው ግን አደራ፣ እንዳትነግሩት።