የጠረጴዛ ጦር የዕይታና የጨበጣ ደንቦችን ለማስታረቅ የወጣ የፌዝ አዋጅ

በአሻንጉሊት ወታደሮች በሚካሄድ የጠረጴዛ ጦርነት ሁለት ደንቦች ተኳርፈው የሚኖሩ በመሆናቸው፤ አንደኛው «ያላየኸውን አትንካ» ሲል ሁለተኛው «የደረስክበትን ምታ» የሚል በመሆኑ፤ ሳይታይ የተደረሰበት ጓድ በየትኛው እንደሚዳኝ ባለመታወቁ፤

በዚህም ምክንያት ለሁለት ሰዓት የታሰበ ውጊያ አራት ሰዓት ክርክር የሚበላ በመሆኑ፤ ከወታደሮቹ ቀድመው ተጫዋቾቹ ጨበጣ ሊገቡ የሚችሉበት አዝማሚያ በመታየቱ፤

ጉዳዩን የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ተፈልጎ በመጥፋቱና ጠረጴዛው ራሱ ሥልጣኑን ለመረከብ በመገደዱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ፦ ጠቅላላ ድንጋጌዎች

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የዐይንና የእጅ ማስታረቂያ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «ምስል» ማለት ከእርሳስ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከሸክላ ተሠርቶ በመቆሚያ ላይ የተተከለ ወታደር ነው። «ጓድ» ማለት አብረው የሚንቀሳቀሱ ምስሎች ስብስብ ነው።

ለ) «ዕይታ» ማለት ከአጥቂው ምስል ዐይን ተነሥቶ ያለ መሰናክል ዒላማው ላይ የሚደርስ ቀጥተኛ መስመር ነው። የተጫዋቹ ዐይን ከበላይ ሆኖ ሸለቆውንም ጫካውንም አንድ ላይ የሚያይ በመሆኑ በዚህ ትርጓሜ አይካተትም። ተጫዋቹ ያየውን ወታደሩ አየ ማለት ክልክል ነው።

ሐ) «ጨበጣ» ማለት የሁለት ተቃራኒ ምስሎች መቆሚያ ከተነካካ በኋላ የሚደረግ ውጊያ ነው። ለመነካካት አንድ ጣት የቀረው ጨበጣ አይባልም።

መ) «ስንዝር» ማለት የዳኛው ስንዝር ነው። ዳኛ ከሌለ እጁ ባጠረው ተጫዋች ይለካል።

ሠ) «ተመልካች» ማለት ከጀርባ ቆሞ ያልተጠየቀውን የሚመክር ሰው ነው።

ረ) በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ያካትታል፤ በፈረሰኛ የተገለጸው ግን ፈረሱን አያካትትም።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በመራዊ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር በሚዘረጋ ማናቸውም የጦር ጠረጴዛ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። ተፈጻሚነቱ ተጫዋች በመኖሩ ላይ አይመሠረትም።

ክፍል ሁለት፦ የጠቡ መነሻ

4. ዳኛ የነበረበት ዘመን

ፕሩሲያዊው መኮንን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው «ክሪግስሽፒል» በተባለ የካርታ ጦርነት ይህ ጠብ አልነበረም። ወገኖቹ ትእዛዛቸውን ለዳኛ ያቀርቡ ነበር፤ ዳኛውም በካርታው ላይ የሚያኖረው ሊታይ የሚችለውን ጦር ብቻ ነበር። ያልታየ ጦር ስለማይቀርብ የሚያከራክርም የለም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 «ሊትል ዋርስ» በሚል ርዕስ ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ ዕይታን ለመድፉ ተወለት። የአሻንጉሊቱ መድፍ በሞላ እየተገፋ የእንጨት ጥይት ይወረውር ስለነበር የተመታው ምስል ይወድቃል፤ ከቤቱ ጀርባ ያለው ይተርፋል። ጦሮች ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን መድፉ አይጠየቅም፤ በመሠረቱ ሰው በሰው ልክ ከሁለቱም ወገን ይነሣ ነበር።

5. ዳኛ የታጣበት ዘመን

ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ጨዋታዎች ዳኛውንም የእንጨት ጥይቱንም አስወግደው ዳይስና ወፍራም መጽሐፍ ተኩ። የዕይታው ምዕራፍ ለተኳሽ፣ የጨበጣው ምዕራፍ ለሮጠ ሰው ተጻፈ። ሁለቱ ምዕራፎች በአንድ ጥራዝ ቢታሰሩም አይነጋገሩም። ዋርሃመር የተባለው የእንግሊዝ ጨዋታ ብቻ እንኳ ሁለት መልስ ሰጥቷል፦ እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው የምናባዊ ጦር ጨዋታ በቆዩት እትሞቹ አጥቂው ዒላማውን ከፊቱ ባለው ዘጠና ዲግሪ ውስጥ እንዲያይ ሲያስገድድ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የዋርሃመር 40,000 ስምንተኛ እትም ያልታየ ጓድ ላይ መሮጥን ፈቀደ። ሁለቱንም የተጫወተ ሰው እንደ ሁኔታው የሚጠቅመውን ማስታወሱ የታወቀ ነው።

ክፍል ሦስት፦ ስለ ዕይታ

6. የማየት ሥርዓት

ዕይታ የሚረጋገጠው ተጫዋቹ አጎንብሶ ዐይኑን ከምስሉ ራስ ትክክል በማድረግ ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው በወኪል ማየት ይችላል፤ ወኪሉ ግን ተመልካች መሆን የለበትም። ከከለላ በላይ ብቅ ያለ የጦር ጫፍ፣ የባንዲራ ዘንግ ወይም የፈረስ ጅራት እንደ ሰው አይቆጠርም። ምስል ታየ የሚባለው ራሱ ወይም ደረቱ ሲታይ ነው።

7. የመልክዓ ምድሩ ምደባ

ሀ) የባሕር ዛፍ ደን፦ በግንዶቹ መካከል አጮልቆ ማየት ለማያልቅ ክርክር በር ስለሚከፍት ተከልክሏል። ደኑ ዳርቻው የተከለለ አንድ ስፍራ ነው፤ ወደ ውስጡ እስከ አንድ ስንዝር ይታያል፤ አሻግሮ ማየት ግን አይቻልም።

ለ) የበቆሎ ማሳ፦ ጨዋታው የሚካሄድበት ወር አስቀድሞ ይገለጻል። በሰኔ ማንንም አይሰውርም፤ በመስከረም ቆሞ የሚሄድ ሰው ይሰውራል፤ አጨዳው ካለቀ በኋላ የተሰወረ ሁሉ እንደተገለጠ ይቆጠራል። ወሩን ሳይናገር የጀመረ ተጫዋች በሰኔ እንደተጫወተ ይገመታል።

ሐ) የጤፍ ማሳ፦ ማንንም አይከልልም፤ ተኝቻለሁ የሚል ጓድ ግን ይደመጣል።

መ) ኮረብታ፦ አናቱ ላይ ያለው ያያልም ይታያልም። ከጀርባው ያለው አያይም አይታይም። «እኔ አየዋለሁ፣ እሱ አያየኝም» የሚል አቤቱታ ተቀባይነት የለውም።

ክፍል አራት፦ ስለ ጨበጣና ስለ ግጭቱ

8. ዋናው ድንጋጌ

እስኪነካካ ድረስ ዐይን ይገዛል፤ ከተነካካ በኋላ እጅ ይገዛል። ድንበሩ የመቆሚያዎቹ መነካካት ነው። ጨበጣ የገባ ጓድ «አላየኸኝም ነበር» ብሎ ምት አይመልስም፤ ያልተነካካ ጓድም «ልደርስብህ ነበር» ብሎ አይመታም።

የአገሩ የሰንጠረዥ ጨዋታ ለዚህ ድንጋጌ ማስረጃ ነው። በቀድሞው ሰንጠረዥ «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እየተከታተለ፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፉ ነበር። የመጀመሪያው መማረክ እንደተፈጸመ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ነው። የመጀመሪያው ንክኪ የጨዋታውን ሕግ እንዲለውጥ አባቶች አስቀድመው ወስነዋል ማለት ነው።

9. ወዶ መሮጥ

በጠላት ላይ ለመሮጥ የሚታዘዝ ጓድ ሩጫውን ሲጀምር ቢያንስ አንዱ ምስሉ ዒላማውን ማየት አለበት። ያየው አንዱ ለሌሎቹ እንደሚጮህ ይገመታል። በመንገድ ላይ ዒላማው ከኮረብታ ጀርባ ቢሰወር ሩጫው አይቋረጥም፤ የሚሮጠው ጓድ የት እንዳየው ያውቃልና።

10. ሳያዩ መጋጨት

ያላየው ጠላት ላይ በጉዞ መካከል የወደቀ ጓድ በነካበት ቆሞ ይዋጋል፤ ሆኖም ወዶ የሮጠ ሰው የሚያገኘውን የማጥቂያ ብልጫ አያገኝም። የተደረሰበትም ጓድ ተዘጋጅቶ እንደጠበቀ አይቆጠርም። ሁለቱም እኩል ደንግጠዋል።

ይህ ከአካባቢው ታሪክ የተወሰደ ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፣ በኦርድ ዊንጌት ይመራ በነበረው የጌዴዎን ኃይል ሥር ያለው 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ አስቀድሞ አልፎት በመንገዱ ላይ ሰፍሮ ነበር። የካቲት 27 ቀን የሚያፈገፍገው ጦር በሰፈረው ሻለቃ ላይ ወደቀና ከባድ ውጊያ ተደረገ። ያንን ዕለት በጠረጴዛ ላይ ለመድገም የሚሻ ተጫዋች «ሳላይ አልዋጋም» የሚል ደንብ ይዞ ከተቀመጠ ሁለቱ ጦሮች ሰላምታ ተለዋውጠው ሊተላለፉበት ነው።

11. በጨበጣ ላይ መተኮስ

ወዳጅና ጠላት ተደባልቀው በሚዋጉበት ስፍራ ላይ መተኮስ ክልክል ነው። ዒላማው ቁልጭ ብሎ ቢታይም ክልከላው ይጸናል፤ በአንቀጽ 8 መሠረት በዚያ ስፍራ ዐይን ሥልጣን የለውምና። «የእኔ ሰዎች ጎንበስ ይላሉ» የሚል መከላከያ አይደመጥም።

ክፍል አምስት፦ ስለ ክርክር

12. የደንቦች ቅደም ተከተል

ሁለት ደንቦች ሲጋጩ ልዩው ጠቅላላውን ይሽራል። በዚህ መሠረት «ማንኛውም ጓድ ያላየውን አያጠቃም» የሚለው ጠቅላላ ደንብ «በደን ውስጥ ያለ ጓድ በግማሽ ስንዝር የቀረበውን ያጠቃል» በሚለው ልዩ ደንብ ይሸነፋል። ሁለቱም እኩል ልዩ ከሆኑ ከጨዋታው በፊት የተስማሙበት ይጸናል። ምንም ስምምነት ከሌለ ዳይስ ይወረወራል፦ ከ1 እስከ 3 ለአንደኛው፣ ከ4 እስከ 6 ለሌላኛው ይፈርዳል። ዳይሱ ከጠረጴዛ የወደቀ እንደሆነ ወለል ላይ ያሳየው ቁጥር አይጸናም፤ ያነሣው ሰው ቃልም ማስረጃ አይሆንም።

13. የሙግት ሥርዓት

ዳኛ ካለ ተከራካሪዎች በበላ ልበልሃ ወግ ቆመው ይሟገታሉ። የክርክሩ ጊዜ ቡና እስኪፈላ ነው። በቅሎና ማር ማስያዝ ቀርቷል፤ የተረታው የቡናውን ሒሳብ ይከፍላል። ያልተጠየቀውን የመከረ ተመልካችም ከተረታው ጋር እኩል ይካፈላል።

ክፍል ስድስት፦ ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

14. የተሻሩ ደንቦች

«እኛ ቤት እንዲህ አይደለም የምንጫወተው» የሚለው ልማድ፣ እንዲሁም ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማናቸውም የቃል ደንብ ተሽሯል። በእርሳስ የተጻፈ ማስተካከያ ማኅተም እስኪያገኝ ተፈጻሚ አይሆንም፤ ማኅተሙም የለም።

15. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣም ሆነ በክልሉ ዝክረ ሕግ አይታተምም። የመጀመሪያው ምስል ከመነሣቱ በፊት ለሁለቱም ተጫዋቾች ጮክ ተብሎ ከተነበበበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። በውጊያ መካከል የተነበበ እንደሆነ ለሚቀጥለው ጨዋታ እንጂ ለተያዘው አያገለግልም፤ በተለይም ያነበበው እየተሸነፈ ያለው ከሆነ።