ቁጥር አራት ፎርም ላይ ነው

ለቄራ ሰፈር የፈረስ ሊቃውንት ምስጋና ይድረሳቸው። ውርርድ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ሥር ወንበር ይዘው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ጨብጠው የፈረሶችን የሰሞኑን ብቃት ሲያጠኑ ይውላሉ። ቁጥር አራት ካለፉት አምስት ውድድሮች ሁለቱን አሸንፏል፤ «ፎርም ላይ ነው፣ አሁንም ይደግማል»። ቁጥር ሁለት ሦስቴ መጨረሻ ወጥቷል፤ «ተራው ደርሷል፣ መምጣቱ አይቀርም»። ልብ በሉ፤ ያኛው ስላሸነፈ ያሸንፋል፣ ይሄኛው ደግሞ ስለተሸነፈ። እንደ ቄራ ቢላ በሁለት በኩል የተሳለ ትንታኔ ነው።

ፈረንጆቹም በአቅማቸው ሞክረዋል። ፊል ቡል የሚባል እንግሊዛዊ በ1948 እ.ኤ.አ. ታይምፎርም የተሰኘ ድርጅት አቋቁሞ የእሽቅድምድም ፈረሶችን በነጥብ ሲመዝን ኖሯል። ምን ያለ ልፋት ነው! ፈረሱ ባለፈው የሮጠው ምን ያህል ርቀት ነበር? ሜዳው ጭቃ ነበር ወይስ ደረቅ? ስንት ኪሎ ተሸክሞ፣ ማን ጋልቦት፣ ስንት ቀን አርፎ? ጎበዝ ፈረስ ተጨማሪ ክብደት የሚጫንበት ውድድር ስላለ፣ የትናንት አንደኝነት ለዛሬ ዕዳ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የኛዎቹ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላግለዋል። የቄራው ቁጥር አራት ኪሎ የለውም። ኮቴም፣ ሳንባም፣ እናትም የለውም። ኮምፒውተሩ ዕጣ ያወጣል፤ ሥዕሉም በዕጣው መሠረት ይጋልብልናል። የሚቀጥለው ዕጣ ያለፈውን አያስታውስም። ሊቃውንቱ ግን ስለ እሱ ሆነው ያስታውሱለታል፤ ይሄስ ውለታ አይደለም?

በዚህ ነገር አባቶቻችን ኋላ ቀሮች ነበሩ። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ባልቻ «አባ ነፍሶ» እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ፣ የፈረሱን ብቃት ያወቁት ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ነው። እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችም እንደዚያው ናቸው፤ ማኅበራቸው ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ ጥር 23 በመጣ ቁጥር የሚያልበው፣ የሚያነክሰው፣ አንዳንዴም ጌታውን የሚጥለው ፈረስ ላይ ሙጭጭ እንዳሉ ነው። ምናለ አንድ ቴሌቪዥን ቢገዙ?

ሒሳቡም ቢሆን ያምራል። ስድስት ፈረስ አለ እንበል፤ ኦዳቸው፣ ማለትም ቢያሸንፉ በአንድ ብር የሚከፈለው፣ 3.20፣ 4፣ 5፣ 6.50፣ 8 እና 10 ነው። ማንኛውም ቢመጣ 100 ብር እንዲከፈለን አድርገን ስድስቱንም ብንይዝ፣ በመጀመሪያው 31.25፣ በሁለተኛው 25፣ በሦስተኛው 20፣ በአራተኛው 15.38፣ በአምስተኛው 12.50፣ በመጨረሻው 10 ብር እናስይዛለን። ድምሩ 114 ብር ከ13 ሳንቲም። ሁሉንም ፈረስ ይዘን፣ አሸንፈን፣ 14 ብር ከ13 ሳንቲም ተበላን ማለት ነው። እንግዲህ በዚያ ቤት ፎርሙ ወርዶ የማያውቅ አንድ ፈረስ አለ፤ የታሰረው ከገንዘብ መቀበያው መስኮት ጀርባ ነው። ቁጥር ስላልተሰጠው ግን እሱን ማስያዝ አይቻልም።

እኔን የሚደንቀኝ ይሄ ሁሉ የሚሆነው ቄራ ላይ መሆኑ ነው። እዚህ ሰፈር በሬ ሳይዳሰስ አይገዛማ! ደላላው «የሐረር ሰንጋ ነው፣ አይንህን ጨፍነህ ውሰደው» ሲል ገዢው አይኑን የባሰ ያፈጣል። አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ጨበጥ ያደርጋል፣ ጎድኑን በጣቱ ይወጋል፣ ታፋውን ይመታል፣ ወዲያ ወዲህ አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል። ከዚያ «ከስቷል» ብሎ ጥሎ ይሄዳል፤ ተመልሶም ለሺህ ብር ቅናሽ ግማሽ ቀን ይከራከራል። ይኸው ሰውዬ መንገድ ተሻግሮ ውርርድ ቤት ሲገባ፣ ጥርስ በሌለው ፈረስ ላይ ለመወሰን ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።

በቀደም ዝናብ ሲጥል በከብት ንግድ ያረጁ አንድ አባት ከነዱላቸው እዚያ ቤት ተጠለሉ። ቴሌቪዥኑን አየት አድርገው አጠገባቸው ያለውን ወጣት ጠየቁት።

«የቱ ነው ያንተ፣ ልጄ?»

«ቁጥር አራት ነው ጋሼ። ዛሬ ትንሽ ደክሞታል እንጂ አንደኛ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲሮጥ ነው የዋለው።»

«ታዲያ ለምን አያሳርፉትም?»

«አይ፣ አሁን ይነቃል። አምስት ዙር አጥንቼዋለሁ።»

አባት ዱላቸውን ተደግፈው፣ በሬ በሚያዩበት አይናቸው ፈረሱን ከአንገቱ እስከ ጭራው መረመሩት።

«መቼም ጎኑ ሙሉ ነው፣ በደንብ ተቀልቧል። ለመሆኑ ምን እያበሉት ነው?»

ልጁ አልሰማቸውም። ውርርዱ ሊዘጋ ስለነበር 200 ብር አጣጥፎ በመስኮቱ እያቀበለ ነበር።