የአንዲት ክንፍ ስም

ከዕለታት አንድ ቀን በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል፣ በነጭ ሣር ሜዳ ላይ፣ ወፎች በየስማቸው ይኖሩ ነበር። ስም የምታወጣ እናት ናት። እሷ ስትጠራ ልጇ ብቻ ይመጣል።

አንድ ጠዋት አቅርቦ ማያ መነጽር ያንጠለጠሉ እንግዶች ከባሕር ማዶ መጡ። ወፍ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ መጥተዋልና ሜዳው በደስታ ተቀበላቸው። ከሣሩ ብር ያሉትን ትንንሽ ወፎች አንዱን ካንዱ መለየት ቢያቅታቸው ተሳሳቁና «ኤልቢጄ» አሏቸው። በቋንቋቸው «ትንሽ ቡናማ ነገር» ማለት ነው። ወፎቹም ከሩቅ የመጣ ስም ነው ብለው ወደዱት። በማግስቱ አንዲት እናት «ኤልቢጄ!» ብላ ብትጣራ መቶ ጫጩት መጣ። ሁሉንም አጎረሰች። የራሷ ልጅ ግን ሳይደርሰው ጦሙን አደረ።

ቀጥሎ ዋኔ ታየች። እንግዶቹ «ይቺማ ቆሻሻ ወፍ ናት» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በየደረሱበት የምትታይ ማለታቸው ነበር። ሜዳው ቃሉን ያዘ፣ ትርጉሙን ጣለ። ዋኔ ውኃ ልትጠጣ ብትወርድ ቁራ «ከላይ አትጠጪ፤ ታቆሽሺብናለሽ» አላት። ዋኔም «እውነትህን ነው» ብላ ከታች ጠጣች፤ ልጆቿንም ከታች መጠጣት አስተማረች።

ከዚያ ከቁጥቋጦ ሥር አንድ ብርቅ ወፍ ብቅ ብሎ ጠፋ። እንግዶቹ «ሜጋ! ሜጋ!» እያሉ ተንቀጠቀጡ፣ ተቃቀፉ፤ አንዱማ አለቀሰ። እጅግ ብርቅ ማለታቸው ነበር። ወፎቹ በቀትር ተሰብስበው መከሩ። «ለካ የሚከበረው የማይታየው ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁሉም ተደበቀ። ዘማሪው ዝም አለ። ባል ከሚስቱ ሸሸ። እንቁላል የጣለችው ጎጆዋን ጥላ ሄደች፤ እንቁላሉም በረደ። እንግዶቹ ባዶ ሜዳ ሲያዩ ውለው «ዲፕ ሆነብን» ብለው ተመለሱ፤ ለፍተው ሳያዩ መቅረትን እንዲያ ይሉታል።

ያልተደበቀች አንዲት ብቻ ነበረች። ቀን መሬት ላይ ተኝታ ስለምትውል፣ ሌሊት ስለምትበር፣ ምክሩን አልሰማችም፤ ቅጽል ስምም አልወጣላትም። በመንገድ ላይ እንዳለች መኪና ደፈጠጣት።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ተመራማሪዎች ሬሳዋን ከመንገዱ ላይ አገኙ። ገላዋ ስለተበላሸ አንድ ክንፏን ብቻ ይዘው ሄዱ። እናቷ ምን ብላ ትጠራት እንደነበር የሚነግራቸው አላገኙም፤ ሁሉም ተደብቋል። በ1995 ሙሉ ስም ወጣላት፤ በላቲን «ሶላላ» ትባላለች። ትርጉሙ «አንዲት ክንፍ ብቻ» ነው።