ጋፋት በማጀታችን

አምና ለቡሄ እህቴ ከናይጄሪያዊ ባሏ ጋር ደብረ ታቦር መጣች። ለእናቴ ያመጣችላት ስጦታ ኤር ፍራየር ነበር። እናቴ ስሙ አልያዝላት ብሎ «ነፋሻው ድስት» አለችውና በዚያው ጸና።

አማቻችን በዓሉን በአገሬ ምግብ ላድምቀው ብሎ ጆሎፍ ሊሠራ ተነሣ። ቡሄ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል ዶሮውን አስተውነው፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዘይት ቀረለት። ሩዙ የፎገራ ነው ስንለው የቀለድንበት መሰለው። እናቴ የፎገራዋ ወረታ ከኛ ቁልቁል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ ውኃ የሚተኛበትን የፎገራን ሜዳ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደርግ ጊዜ አይተው ጅግናና ሻጋ ላይ ሩዝ እንዳስዘሩበት አስረዳችው። ዛሬማ የአካባቢያችን እንጀራ «ጤፍ ብቻ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል?

እሱም በተራው ጆሎፍ ስሙን ከወሎፍ ሕዝብ እንዳገኘ፣ ሴኔጋሎችም ባለ ዓሣውን ሩዛቸውን በ2021 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ላይ እንዳስመዘገቡ ነገረን። የጋናው ጆሎፍስ? ብለን ስንጠይቀው ዝም አለ። በበዓል ቀን ክፉ አይወራም።

ሩዙ አልበስል ብሎ ቆየ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውኃችን 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ «ፈላሁ» ይላል። የሌጎስ ሰው ይህን ከየት ይወቀው! ብቻ በስሎ፣ ተበልቶ፣ ተረፈ። እህቴ የተረፈውን ሳይውል ሳያድር ፍሪጅ ከተተችው፤ ውጭ የቆየ ሩዝ ላይ የሚፈጠረው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም አለችን።

በማግስቱ «እኔ አሞቀዋለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሩዙን ቅርጫቱ ላይ ገለበጥኩና 200 ዲግሪ ላይ ለቀቅኩት። ግማሹ በቀዳዳው ወረደ፤ ቀላል ቀላሉ በማራገቢያው ተነሥቶ የጋለው ብረት ላይ ተለጠፈ። ጢሱ ቤቱን ሞላው። ከከተማችን እልፍ ብላ ባለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የምትመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ የጨሰው ከዚህ ይበልጥ እንደሆነ እንጃ። እናቴ ደግሞ በኤሌክትሪክ ምጣዱ እንጀራ እየጋገረች ነበርና ቆጣሪው ጣለ።

በሻማ ከፍተን አየነው። ሩዙ ለሴባስቶፖል ጥይት ይሆናል።

«አንተ ልጅ» አለች እናቴ፣ «ያደረ ሩዝ የሚጠማው ውኃ ነው። አንተ ነፋስ አጠጣኸው!»

እውነቷን ነው። ሩዝ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፤ የሚያለሰልሰው እንፋሎት ነው፤ ነፋሻው ድስት ደግሞ ያለውንም እርጥበት ይወስዳል። ቆጣሪው ከተመለሰ በኋላ የቀረውን ሩዝ ውኃ ረጨት አድርጋበት በትንሽ ብረት ሳህን ከተተችው፣ በፎይል ሸፈነችው፣ 160 ላይ አሞቀችው። ለስልሶ ወጣ። አማቻችን ግን የኔን ጥይት እየቆረጠመ፣ የጆሎፍ ክብሩ እኮ ከድስቱ ሥር የሚያርረው ነው አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወዳጄ ነው።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እናቴ ለዕቃው የሚስማማውን ሥራ አገኘችለት። ክረምት ፀሐይ ሲጠፋ ድርቆሽ ታደርቅበታለች፤ እንጀራው እንዳይበር የሽቦ መደርደሪያ ትጭንበታለች። እናንተም ሞክሩት። የምጣዱን ሶኬት ሳትነቅሉ ግን አደራ እንዳትሰኩት።