ሁሉን ለሚጎርስ ሽጉጥ የገበታ ሥርዓት

ሪቮልቨር በአገራችን «ስድስት ጎራሽ» መባሉ ያለ ነገር አይደለም። ጥይት ይጎርሳል፤ አጉራሹም ባለቤቱ ነው። አሜሪካ ኖረው «አንድ ሽጉጥ ገዝቼ ያገኘሁትን ጥይት ልተኩስበት» ብለው ከተነሱ፣ ከዋጋው በፊት የገበታውን ሥርዓት ይወቁ። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምክር መልካም ነው። ችግሩ፣ ባላው ሲበዛ የትኛው ላይ እንደተንጠለጠሉ ይረሳሉ።

አንደኛ፣ ስም አይመኑ። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው .38 ስፔሻልና በ1935 የወጣው .357 ማግነም ስማቸው ለየቅል ነው፤ የአረራቸው ውፍረት ግን አንድ ነው፣ 0.357 ኢንች። ማግነሙ ጉልበቱ የበረታ ስለሆነ፣ በአሮጌው .38 ሽጉጥ እንዳይገባ ብለው ሠሪዎቹ ቀለሁን 3 ሚሊ ሜትር ያህል አስረዘሙት። ስለዚህ የ.357 ሽጉጥ .38ን ያለ ቅሬታ ይጎርሳል፤ የ.38 ሽጉጥ ግን .357ን አይጎርስም። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የሚለው ተረት እዚህ ገበታ ላይ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ሳህኑን ይጠቡ። አጭሩን .38 ሲተኩሱ ውለው ረጅሙን ማግነም ሊያጎርሱ ሲሞክሩ፣ ጥይቱ ገብቶ ገብቶ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ ሊል ይችላል። በየቀዳዳው ውስጥ፣ አጭሩ ቀለህ ያበቃበት ቦታ ላይ፣ እንደ ድስት ጥቀርሻ የጠቆረ ቀለበት ተጋግሯል። በመዳፍ እየመቱ ማስገባት ነውር ነው፤ በዘይትና በነሐስ ብሩሽ ይለቃል። ሽጉጡ አልጠገበም፤ ጥርሱን አልቦረሸም።

ሦስተኛ፣ ድስት አይርሱ። አንዳንዱ ሩገር ብላክሆክ የተባለ ሪቮልቨር ሁለት ተሽከርካሪ ከበሮ ይዞ ይሸጣል፤ አንዱ ለ.357፣ ሌላው ለ9 ሚሊ ሜትር። ማዕድ ቤት የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ድስቱ ሲገኝ ክዳኑ የለም። ተኩስ መለማመጃው ቦታ ሲደርሱ የሚፈልጉት ከበሮ የካልሲ መሳቢያ ውስጥ መቅረቱን ከአሁኑ ይቀበሉት።

አራተኛ፣ ጠርዝ ለሌለው እንግዳ ሰሐን ያቅርቡ። የሪቮልቨር ጥይት ቂጡ ላይ ጠርዝ አለው፤ ባዶው ቀለህ ተገፍቶ የሚወጣው በዚያ ነው። ባለ ካዝናው .45 ሽጉጥ የሚተኩሰው ጥይት ግን ይህ ጠርዝ የለውም። አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ያ ሽጉጥ አልበቃ አላት። ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ትልልቅ ሪቮልቨሮቻቸውን ለዚሁ ጥይት አስተካከሉ፤ ሦስት ሦስቱን አቅፎ የሚይዝ «ግማሽ ጨረቃ» የተባለ ስስ ብረትም ተከተለ። ጨረቃዋ የጠፋች ዕለት ቀለሁን በእርሳስ እየጎረጎሩ ያወጣሉ።

አምስተኛ፣ ፍርድ አይጠብቁ። የታውረስ ኩባንያ ሪቮልቨር «ጃጅ»፣ ማለትም «ዳኛው»፣ .45 ኮልትንም .410 ርሽንም ይጎርሳል። ነገር ግን አፈሙዙ ውስጥ የተፈለፈለው ጠመዝማዛ መስመር የተሠራው አንዱን አረር ለማሾር ነው። ርሹን ሲያሾረው ፍሬዎቹ ወደ ዙሪያው ይበተኑና መሀሉ ይሳሳል። ራቅ ብሎ መሀል ላይ የተጋደመ እባብ በነጻ ሊሰናበት ይችላል፤ ዳኛ ነውና አይግረምዎ።

ስድስተኛ፣ አያቱን ያክብሩ። የኒው ኦርሊንሱ ሐኪም ዣን አሌክሳንደር ለማ (ስሙ የአገር ልጅ ቢመስልም ፈረንሳዊ ነው) በ1856 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሽጉጥ ዙሪያውን ዘጠኝ ጥይት፣ መሀሉ ላይ ደግሞ የርሽ አፈሙዝ ነበረው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዞር የመዶሻውን ጫፍ በጣት ማጠፍ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጭስ መሀል የደቡቡ መኮንን ይህን ማስታወስ ነበረበት። በ1990ዎቹ ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ «ሜዱሳ» የተባለ 25 ያህል ዓይነት ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ ተሠራ። ሃያ አምስት ወጥ የሚችል እንግዳ ቤትዎ ቢመጣ እንኳ፣ በየሳምንቱ የሚያቀርቡለት ያንኑ ርካሹንና ትከሻ የማይነቀንቀውን .38 ነው።

ስለዚህ ማጉረስዎ ካልቀረ፣ የተፈቀደው ምግብ ሽጉጡ ላይ ተቀርጿልና ያንብቡት፤ የጥይቱንም ሳጥን ያንብቡ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ እጅዎን ይሰብስቡ። ሽጉጥ ጨዋ እንግዳ ነው፤ የማይስማማውን ቢያጎርሱት ፊቱን አያጨማድድም። ቅሬታውን የሚናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እጅዎ ላይ ሆኖ።