ቁስቋም ዳገት ላይ

«ከዚህ በላይ አንወጣም! ንግሥ ነው፣ መንገዱ ተዘግቷል» አለ ረዳቱ ሽሮ ሜዳ ላይ በሩን እየከፈተ። ተሳፋሪው ቅር ሳይለው ወረደ። አብዛኛው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቁስቋም ማርያም የሚሄድ ስለነበር ቀሪውን ዳገት በእግሩ መውጣቱ ለእሱ በረከት ነው። እኔን የጨነቀኝ ሰዓቱ ነበር። ሕዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። አራት ሰዓት ላይ ከላይኛው ሰፈር አንድ የሕፃናት ማቆያ በር ላይ መገኘት አለብኝ። ባለቤቷ በስልክ «አንድ ቦታ ብቻ ነው የቀረን፤ በሰዓቱ ካልመጣሽ ለሌላ እናት እሰጠዋለሁ» ብላኛለች። ንግሡን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ሕዝቡ ሳይበዛ ደርሼ እመለሳለሁ ብዬ ነው። የአራት ወር ልጄ ደረቴ ላይ በነጠላ ተጠቅልላ ተኝታለች።

ቤታችን እዚያው ቁስቋም ነው። በጠዋት ወደ ስድስት ኪሎ የወረድኩት ማቆያው የክትባት ካርዷን ኮፒና ሁለት ጉርድ ፎቶ ስለጠየቀኝ ነበር። አንገቷን በቅጡ ያልቻለች ሕፃን ጉርድ ፎቶ እስክትነሣ ያለውን መከራ ያየ ያውቀዋል። ፎቶ አንሺው ወንበሩ ላይ ነጭ ጨርቅ አለበሰልን፤ እኔ ከጨርቁ ሥር እጄን አስገብቼ ጀርባዋን ደገፍኩ። ሦስት ጊዜ ተበላሸ። በአራተኛው ዓይኗን ከፍታ፣ ከንፈሯ ላይ ትንሽ ምራቅ እያብለጨለጨ፣ ወደ እኔ ስታይ ተነሣች። ፎቶው ላይ እኔ የለሁም፤ ከጨርቁ ሥር እጄ ብቻ ጎብጦ ይታያል።

ይህን ሁሉ ያስሮጠኝ የቀን ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ከወሊድ በኋላ ያለው ቀድሞ 60 ብቻ ነበርና ይህ መሻሻሉን አመሰግናለሁ። ለአባት የተሰጠው ሦስት ቀን ነው፤ ባለቤቴ ከሆስፒታል ቤት አድርሶን በማግሥቱ ሥራ ገባ። እኔም የዓመት ፈቃዴን እላዩ ላይ ቀጥዬ እንደ ምንም አራት ወር አደረስኩት። ጤና ጣቢያ ደግሞ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ እንዳትሰጪ ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። እንግዲህ ሕጉ ከሚለቀኝ ቀን እስከ ስድስተኛው ወር ያለውን ማን ይሙላው?

ስድስት ወሩስ ይሁን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውስ? ሰፈራችን ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ጠይቄ ነበር፤ «አራት ዓመት ይሙላትና አምጪያት» አሉኝ። መንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል በሰባት ዓመት ነው፤ ቅድመ አንደኛው ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ነውና እሱም በአምስት ዓመት ይጀምራል ማለት ነው። ከአራት ወር እስከ አራት ዓመት ያለውን ሌሊት እያጠባሁ በጣቴ ቆጠርኩት፤ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። የሰፈራችን ስም ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እመቤታችን ከሄሮድስ ሸሽታ ልጇን ይዛ በግብፅ በረሃ የተንከራተተችው ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ነው እያልን ነው ያደግነው፤ ቁስቋምም ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ያረፈችበት በላይኛው ግብፅ ያለ ደብር ነው። የእኛ ዘመን እናት ልጇን ይዛ የምትንከራተትበት ጊዜ ከዚያ በሁለት ወር ይበልጣል።

ጥቅምትን ሙሉ ስዞር ከረምኩ። መጀመሪያ ያየሁት ማቆያ ግድግዳው በቀለም ያሸበረቀ፣ ምንጣፉ አዲስ ነው፤ ክፍያው የደመወዜ እኩሌታ። ያስጎበኘችኝ ሴት «እዚህ ከገቡ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የምናወራቸው» አለችኝ፣ እንደሚያስደስተኝ እርግጠኛ ሆና። እዚያው ቆመን እያለ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ መጥቶ ቀሚሷን ይዞ «ውሃ» አላት። «ወተር በል» አለችው። «ውሃ» አለ ደግሞ። ኩባያውን ከፍ አድርጋ ይዛ ጠበቀችው። ልጁ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔ ጉሮሮዬ ደረቀ። እንግሊዝኛ እጠላለሁ ማለቴ አይደለም፤ የምሠራው በእሱ ነው። የተጠማ ልጅ ግን በእናቱ ቋንቋ ውሃ ጠይቆ ውሃ ሊከለከል አይገባም።

ሁለተኛው ንጹሕ ነበር፣ ዋጋውም ደህና። የሄድኩት ሆን ብዬ በምሳ ሰዓት ነው፤ ልጁን የሚያስቀምጥ ወላጅ ሁሉ ማቆያውን በምሳና በእንቅልፍ ሰዓት ቢያይ እመክራለሁ። አሥራ አራት ልጅ፣ ሁለት ሞግዚት። አንዷ የሚያለቅስ ይዛ ትዞራለች፣ ሌላዋ የፈሰሰ ምግብ ትወለውላለች። ግድግዳውን ተከትለው አምስት ሕፃናት በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ጡጦው አፋቸው ውስጥ ሆኖ በተጠቀለለ ፎጣ ተደግፏል። አንዱ ጡጦ ተንሸራቶ ወተቱ ወደ ጆሮው ይወርዳል፤ ልጁ አፉን እንደከፈተ ወደ ጣሪያው ያያል። ሄጄ አነሣሁለት። ሞግዚቷ አይታኝ አፈረች፤ «እታለም፣ እጄ ሁለት ነው» አለችኝ። በእሷ አልፈርድባትም። እነዚያ ሁለት ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ አሥራ አራት ነፍስ ይዘው ምን ያድርጉ? ማቆያ ስትመርጡ ስንት ልጅ ለስንት እጅ ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ቀለሙ በኋላ ትጠይቃላችሁ።

ሠራተኛ ቅጠሪ ያለኝም ብዙ ነው። ደላላ አንዲት ልጅ አምጥቶልኝ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው አለች፤ ፊቷ ግን አሥራ አምስት አይሞላም። ልጄን ተቀብላ ስታቅፋት አያያዟ ጎበዝ ነበር፤ አገሯ ታናናሾቿን አሳድጋለች። ጥቂት ቆይታ «የማታ ትምህርት ታስገቢኛለሽ?» አለችኝ። ልጅን ለልጅ ጥዬ ሥራ መሄድ አልቻልኩም፤ የመሳፈሪያ ሰጥቼ ሸኘኋት። የት ገብታ ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ አስባታለሁ። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ ጉልበቷን ያማታል። የባለቤቴ እኅት የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ የሲቪል ሰርቫንቱ አዋጅ 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ሠራተኛዋ ጡት የምታጠባበትና ሕፃኗን የምትንከባከብበት ማቆያ እንዲያቋቁም አዝዞ ነበር፤ የእሷም መሥሪያ ቤት ምድር ቤቱ ላይ አንድ ክፍል አለው። በሻይ ሰዓት ወርዳ ታጠባለች። እንዲህ ያለው ሕግ ለግል ድርጅት ሠራተኛም፣ እንጦጦ ወጥታ እንጨት ተሸክማ ለምትወርደዋም፣ ሽሮ ሜዳ ጥጥ ለምትፈትለዋም ሊደርስ ይገባል።

«ማቆያ» የሚለው ቃል ራሱ ይከብደኛል። በኮሮና ጊዜ «ለይቶ ማቆያ» ስንል ከርመናል፤ ልጅም እስክንመለስ የሚቆይ ዕቃ ይመስልበታል። የቀደሙት ሰዎች «አፀደ ሕፃናት» ብለውት ነበር፣ የሕፃናት የአትክልት ቦታ። የሚኮተኮት፣ ውሃ የሚጠጣ ነገር ያለበት።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ዳገቱን ስወጣ ጧፍ ሻጩ፣ ጃንጥላው፣ የከበሮው ድምፅ፣ እልልታው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይተምማል። ከጎኔ፣ ከፊቴ፣ ከኋላዬ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ነበሩ። ታቦቱ ሊወጣ ስለሆነ ሕዝቡ ቆመ፤ እኔም ቆምኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተሳልሜ፣ ስእለቴን አድርሼ እመለስ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔ ከስልኬ ሰዓት ላይ አልነቀል አለ። አራት ሰዓት ሆነ። ሩብ አለፈ። በሰው መሐል ተሽሎክልኬ ማቆያው በር ስደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው፤ በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው በቀዳዳው አየኝና «ዛሬ ንግሥ አይደል እንዴ፣ እመቤቴ? እሷም ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሰኞ ነይ» አለኝ። ደወልኩ፣ አይነሣም። ቢያንስ ወረቀቱን ልተው ብዬ ትከሻዬን ስዳብስ ቦርሳዬ የለም።

ታክሲው ውስጥ ረስቼዋለሁ። የክትባት ካርዷ ዋናው፣ ኮፒው፣ ፎቶዎቹ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ ያለብኳቸው ሁለት ጡጦ ወተቶች እዚያ ውስጥ ናቸው። የታለበ ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ አራት ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው፤ ማቆያው ማቀዝቀዣ እንዳለውና መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ልጠይቅ አብሬ ይዤው ነበር። ልጄ ነቃች፣ አለቀሰች። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጡቴን አወጣሁላትና እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

«ልጄ፣ ፀሐይ ላይ ሕፃን ይዘሽ ምን ሆነሽ ነው? ነይ ግቢ።» ቀና ስል አንዲት አሮጊት ከማዶ የቆርቆሮ በር ላይ ቆመዋል። እንደ ሰፈሩ ሰው እማማ እላቸዋለሁ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ከጎኑ ያለውን ለሸማኔ አከራይተውታል። ዕለቱ በዓል ስለሆነ መወርወሪያው ዝም ብሏል፤ የእግሩ ጉድጓድ በሣንቃ ተከድኗል። ቤት ውስጥ አራት ልጆች አሉ። ሁለቱ ቁርበት ላይ ተኝተዋል፣ አንዷ እማማ ጀርባ ላይ ታዝላለች፣ ትልቁ ጥጥ ባዘቶ ይዞ ይጫወታል። የእነማን ናቸው ብዬ ስጠይቃቸው «እናቶቻቸው ጧፍ ይሸጣሉ፤ ዛሬ ገበያቸው ነው። በአዘቦት ደግሞ እንጨት ያወርዳሉ። እኔ ዘንድ ይውላሉ» አሉኝ።

ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅለው ኩባያዎች አሉ። እያንዳንዱ ጆሮ ላይ ከሸማኔው ጥለት የተረፈ ክር ታስሯል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብጫ፣ ወይን ጠጅ። «ያንዱን አፍ ካንዱ አላገናኝም፤ ጉንፋን ይጋባሉ» አሉ። ቀጥለው ልጄን ከእጄ ተቀብለው ፊቷን እያዩ «ማን ብዬ ልጥራት?» አሉኝ።

አንድ ወር ሙሉ ስዞር ዕድሜዋን ጠይቀውኛል፣ ካርዷን ጠይቀውኛል፣ ስልክ ቁጥሬን፣ የክፍያውን ቀን። ስሟን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ስሟን ነገርኳቸው። ደጋግመው ጠሯት፤ ልጄም ትክ ብላ አየቻቸው። ይሁንና ዓይኔ ክፍሉ መሐል ያለው የከሰል ምድጃ ላይ ነበር፤ ቡናው ተጥዶበታል፣ በሩ ቢከፈትም መስኮት የለም። የሣንቃውም ነገር አሳስቦኛል፤ በአዘቦት ሸማኔው ሲገባ ይነሣል፣ ልጅ ሊወድቅበት ይችላል። ለልጄ ቅቤ ላልሳት ብለውኝም ነበር፤ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ነው የተባልኩት ስላቸው «እንዲያ ነው? እኔ ሰባት ያሳደግሁት በቅቤ ነው» አሉና መልሰው ከደኑት። እንደማፈር እያልኩ ስለ ከሰሉም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ቡና ቀድተው ከድፎ ዳቦ ጋር ሰጡኝ።

ቦርሳዬን ከሰዓት በኋላ ሽሮ ሜዳ ተራ አስከባሪዎቹ ዘንድ አገኘሁት። ረዳቱ ተመልሶ አስቀምጦልኝ ሄዷል፤ አመስግኑልኝ ከማለት በቀር ላገኘው አልቻልኩም። ወተቱን ደፋሁት። ሰኞ ጠዋት የማቆያዋ ባለቤት ደወለች፤ ቦታው አልተያዘም፣ አሥራ ሁለተኛ ልጅ ሆና ትገባለች አለችኝ። ስንት ሞግዚት እንዳለ ጠየቅኋት። ሁለት።

ከባለቤቴ ጋር ተመካከርን። ማቆያው ፈቃድ አለው፣ ጭስ የለውም፣ ወለሉ ንጹሕ ነው። እማማ ዘንድ ጭስና ጉድጓድ አለ፤ ስሟን የሚያውቅ ሰውም አለ። ነፍሰ ጡር ሳለሁ ከከተማው የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያማክሩት ሴቶች መጥተውልኝ ነበር፤ ሆድሽ ውስጥ እያለች አናግሪያት ያሉኝ እነሱ ናቸው። ለአንዷ ደውዬ እማማ ዘንድ እንድትሄድልኝ ለመንኳት። ሄደችልኝ። አዲስ አበባን ለልጅ ማሳደጊያ ከአፍሪካ የተመቸች እናደርጋታለን ሲባል እሰማለሁ፤ ደስም ይለኛል። አዲሱ ሕንፃ ተሠርቶ እስኪያልቅ በየመንደሩ የሰው ልጅ የያዙትን እነዚህን ሴቶች ግን መዝግቡልን፣ አሠልጥኑልን፤ ሥራቸውን አትዝጉባቸው፣ ምድጃቸውን አስወጡላቸው። ለአንድ ሕንፃ በር በሚወጣው ገንዘብ ስንት መስኮት ይከፈት ነበር።

ረቡዕ ሥራ ጀመርኩ። በምሳ ሰዓት ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዤ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ምድጃው ከቤት ወጥቶ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በቆርቆሮ ተከልሏል። ከጎን የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል፤ የሸማኔው በር ላይ ጣውላ ተመትቷል። ልጄ እማማ ጀርባ ላይ ተኝታለች። ምስማሩ ላይ አምስተኛ ኩባያ ተሰቅሏል፤ ገና ሁለት ወር የማትጠጣበት፣ ጆሮው ላይ ሰማያዊ ክር የታሰረበት።