የወይዘሮ ጥቁሯ ስክሪን አጭር የሕይወት ታሪክ

ለቀስተኞች፣ ንፍሮው እስኪመጣ እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥታ። ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድመው ብቅ ይሉ የነበሩት፣ ቨርዥናቸውንና የትውልድ ቀናቸውን ሳይጠየቁ ይናገሩ የነበሩት ወይዘሮ ጥቁሯ ስክሪን፣ ባደረባቸው የሎጎ ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው አርፈዋል። የሕይወት ታሪካቸውን አንብብ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ የሥጋ ዝምድና ባይኖረንም ፊታቸው ተቀምጬ እንጀራዬን በልቻለሁና።

ወይዘሮ ጥቁሯ ስክሪን ከእናታቸው ከወይዘሮ ማዘርቦርድ፣ ከአባታቸው ከአቶ ባዮስ፣ አይቢኤም ፒሲን ይፋ ባደረገበት በነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተወለዱ። (ባዮስ የሚለውን ስም ቀድሞ ለሲፒኤም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያወጣው ጋሪ ኪልዳል ነበር፤ ስም ያወጣ ሁሉ ግን አባት አይባልም።) በልጅነታቸው አፋቸው አልተፈታም ነበር። የመጀመሪያው ባዮስ 04/24/81 የሚል ቀን ተጽፎበታል፤ ስክሪን ላይ ግን አይወጣም። ማወቅ የፈለገ ሰው ዲበግ የምትባለውን ፕሮግራም ከፍቶ ሮሙን እስከ ጫፉ መቆፈር ነበረበት። ምን አስቆፈረው ትሉኝ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባዮሶች የሃርድ ዲስክ ካርድ የራሱን ሮም ይዞ ቢመጣ ዞር ብለው አያዩትም። 10/27/82 የሚለው እስኪገባ ድረስ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ዲስክ ብረት ነው።

አፋቸው የተፈታው አዋርድ፣ ኤኤምአይና ፊኒክስ እጅ ካደጉ በኋላ ነው። ማብሪያውን ትጫናላችሁ፤ አንዲት ጢጥ። ከላይ በቀኝ የኢነርጂ ስታር ምልክት፣ በግራ የባዮሱ ስምና ቨርዥን፣ ከሥሩ እየሮጠ የሚቆጥር ሜሞሪ፣ ግርጌው ላይ ደግሞ ቀን፣ ቺፕሴትና ረጅም የፊደልና የቁጥር ጥልፍልፍ። ፖዝን ጠቅ ስታደርጉ ቀጥ ይላሉ። እስክሪፕቶ ፍለጋ ጎረቤት ሱቅ ደርሳችሁ ብትመለሱም እዚያው ናቸው።

ገና የኮምፒውተር ጥገና ተለማማጅ ሳለሁ፣ ጥቅምት 2000 ዓ.ም.፣ አንድ ጋሼ ያገለገለ ኮምፒውተር አሸክመው መጡ። ስናበራው ግርጌው 05/13/99 ይላል። መነጽራቸውን አደረጉና «ጳጉሜን አምስት ዘጠና ዘጠኝ! አየህ ልጄ፣ ሚሊኒየሙ ሁለት ቀን ሲቀረው የተሠራ ነው፤ አልሸወዱኝም» ብለው ፈነደቁ። አሜሪካን ወሩን ነው የሚያስቀድመው፤ ቀኑ በእኛ ግንቦት 5 ቀን 1991 ነበር። ልነግራቸው አፌን ስከፍት አሠሪዬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ሟች አልዋሹም፤ ዝም ያልነው እኛ ነን።

ቨርዥን ሳያዩ ባዮስ የሚያድሱ ደፋሮችም አይተናል። የሌላ ቦርድ ፋይል ይጭናሉ፤ ትክክለኛውን ሲጭኑ ደግሞ መሀል ላይ መብራት ይጠፋል። ቦርዱ ከዚያ ወዲያ ጢጥ አይልም። ቺፑን ነቅለን ያስነሳነው አለ፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው ግን ይበልጣል።

ሕመሙ የጀመረው አምራቾች የራሳቸውን ስም በትልቁ ለማሳየት የሟችን ፊት በሎጎ ሲጋርዱት ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ቦርዶች ታብ ሲጫኑ መጋረጃውን ይገልጡ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የባዮስን ተተኪ የሚያዘጋጀው የዩኢኤፍአይ ፎረም ተቋቋመ። በ2012 ዊንዶውስ 8 ማሽኑን በግማሽ እንቅልፍ አስተኝቶ መቀስቀስ ጀመረ፤ ኤስኤስዲ ተጨመረበትና ጣት ቁልፉ ላይ ሳያርፍ ዴስክቶፑ ተዘረጋ። በ2017 ኢንቴል ለአሮጌው ባዮስ የሚሰጠውን ድጋፍ እስከ 2020 አቋርጣለሁ ሲል ሐኪሞቹ ወደ ቤታቸው ውሰዷቸው አሉ።

ሟች ሦስት ልጆች ትተዋል። የዊንዶውሱ ኤምኤስኢንፎ32 ዩኢኤፍአይ ቤት እየኖረም «ባዮስ ቨርዥን» እያለ በአያቱ ስም ይጠራል። የሊኑክሷ ዲኤምአይዲኮድ ሩት ላልሆነ ሰው አትመልስም። የማኩ ልጅ ሲስተም ሪፖርት ውስጥ ተቀምጧል፤ ሀብታም ቤት ስላደገ ሠፈራችን ብዙ አይመጣም። ሦስቱም ጨዋ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ ነው። አልነሳም ያለውን ማን ይናገርለት? ሴታፕ ግቡ ትሉኛላችሁ፤ በዲሊት ነው፣ በኤፍ2 ነው ወይስ በኤፍ10? እናታቸው ዲስኩ ቢሞት፣ ዊንዶውሱ ቢበሰብስ ይናገሩ ነበር።

ነፍስ ይማር። ንፍሮው ደርሷል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ግን አንድ አደራ። ቤት ስትገቡ የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ኤምኤስኢንፎ32 ብላችሁ ጻፉ፣ የወጣውን ቨርዥን በወረቀት ገልብጣችሁ ኬዙ ጀርባ ለጥፉት። ማሽኑ አልነሳም ያለ ቀን ከወረቀቱ ጋር አምጡልን።